ዋግ በደርሶ መልስ አይታይም

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። "ሰቆጣ" ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮአችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? እኔ ይህንኑ ጥያቄ ሰሞኑን ለዲፓርትመንታችን ልጆች፣ አንዳንዱን ካፌ በር ላይ፣ አንዳንዱን ላይብረሪ ደረጃው ላይ እያስቆምኩ አቅርቤ ነበር። ጥናት አይባልም፤ እንዲያው ጨዋታ ነው። አብዛኞቹ ሳያስቡ "ድርቅ" አሉኝ። "እርዳታ" ያሉም ነበሩ። አንዲት ልጅ ብቻ አሰብ አድርጋ "ማር" አለችኝ። አባቷ ሹፌር ስለሆነ ከዚያ ያመጣላት ነበር።

በመልሱ ማንንም አልወቅስም። ሰው የሰማውን ነው የሚመልሰው። ያሰማው ማን ነው ቢባል ግን ነገ ተመርቀን የምንገባበት ሙያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የራሳችን ቤት ጉዳይ ነው ማለት ነው። በዚህች ጽሑፍ ልለው የፈለግሁት ባጭሩ ይህ ነው፤ ዋግን የሚያህል አገር ጠዋት ሄዶ ማታ በመመለስ፣ ወይም ከአንድ ከፍታ ላይ ተቁሞ በሚነሳ አንድ ፎቶ ሊነገር አይችልም። እንደዚያ ሲነገር ደግሞ ኪሳራው የዘጋቢው አይሆንም፤ የሚዘገብበት ሰው ነው የሚከፍለው።

አናቱ ላይ

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው የመንፈቅ ዓመት እረፍት ያደረግነው ጉዞ ነው። አምስት ነበርን። አንደኛው ልጅ የዚያው አገር ልጅ ነውና "ቤተሰቦቼ ጋ እንሂድ፣ ድንኳን ተክለን እንሰነብታለን" አለን። የመንገዱን ሰላም ደጋግመን በስልክ አስጠየቅን፤ ሁለት ድንኳን ተዋስን፤ በሶና ቆሎ ቋጠርን። ከላሊበላ በብልባላ በኩል አድርገን ወደ ዋግ ገባንና ከሰቆጣ በስተደቡብ ደጋው ላይ ካለች አንዲት መንደር ጥግ አራት ሌሊት ሰፈርን። ከቀኖቹ አንዱን ከመንደሩ በላይ ያለውን ጋራ ለመውጣት መደብነው።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። የመራን የጓደኛችን አጎት ናቸው፤ እኛም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ጋሼ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በዚያ ብርድ በጎማ ጫማ፣ እንደ ሜዳ ነበር የሚሄዱት። እኛ ደግሞ በየመቶ እርምጃው "ትንሽ እንረፍ ጋሼ!" መጀመሪያ የገብስ ማሳ፣ ቀጥሎ የድንጋይ እርከን፣ ቀጥሎ በጽድና በወይራ የተከበበች ቤተክርስቲያን አለፍን። ከዚያ ወዲያ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ ብቻ ሆነ። ወደ ላይ ሲሆን ጓሳው፣ በጓሳው መሐል ደግሞ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ የቆመው ጅብራ። ብርዱም እንደዚሁ በደረጃ ነው የሚጨምረው። በጂኦግራፊ እንደተማርነው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ክፍል ውስጥ ቁጥር ነበር፤ እዚያ ግን ጆሮ ላይ ይሰማል።

ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አናቱን ረገጥነው። ደስታው ልክ የለውም! በስተደቡብ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚሆነውን አቡነ ዮሴፍን ያካተቱት የላስታ ተራሮች፤ በስተሰሜን መሬቱ እየተሰነጠቀ፣ እየጠቆረ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። አየሩ ጥርት ሲል ከተከዜ ማዶ የሰሜን ተራሮችም እንደሚታዩ ጋሼ ነገሩን። ተራራ መውጣት ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን ወጥቶ ይየው። ከዚያ በላይ ማስረጃ የለኝም።

ታዲያ ነገሩ የመጣው እዚያው አናቱ ላይ ነው። ከመካከላችን ካሜራ ከእጁ የማይለይ ልጅ አለ። ቁልቁል የሚታየውን ቡናማ፣ የተራቆተ ማሳ አነሳና "ይሄን ለዲፓርትመንቱ ቦርድ ነው፤ 'በድርቅ የተጎዳው የዋግ ምድር' ብዬ ነው የምለጥፈው" አለ። ጋሼ ሰሙት። ሳቁ። "ድርቅ? ይሄ እኮ ልጄ ገብሴን ያጨድኩበት ነው። ገብሱ ጎታ ገብቷል። ትናንት ማታ የቀመሳችሁት በሶ ከዚያው ነው" አሉት።

የካቲትና ነሐሴ

የጋሼ መልስ ከብዙ ሰዓት ሌክቸር ይበልጥብኛል። የካቲት ላይ ባዶ ማሳ ማለት የታጨደ ማሳ ነው። ጎጃምም ብትሄዱ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያም ብትሄዱ በዚያ ወር መሬቱ ቡናማ ነው። ባዶ ማሳ የሚያስደነግጠው ነሐሴ ላይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ነሐሴ ላይ አረንጓዴ የሆነ ማሳ ጥጋብ አይደለም። ያለፈው ዓመት እህል ከጎታ የሚያልቀው፣ አዲሱ ደግሞ ገና ያልደረሰው በክረምቱ ነው፤ ገበሬው የሚጨነቀው ምድር ሁሉ ለምልማ ባለችበት ወር ነው። እንግዲህ አስቡት! አንድ ዘጋቢ በየካቲት መጥቶ "ድርቅ" ቢል ይሳሳታል፤ በነሐሴ መጥቶ "ልምላሜ" ቢልም ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱም ካሜራቸው አልዋሸም። የጎደለው ቀኑን ማወቅና ጎታውን መጠየቅ ነው።

ከፍታውም እንዲሁ ነው። ከአናቱ ላይ ሲታይ ዋግ አንድ ምድር ይመስላል። ሆኖም የተከዜ ሸለቆ ከ1,500 ሜትር በታች ሲሆን ደጋው ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከላይ ባለው ስሌት ብትሄዱ የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት ነው። ላይኛው ገብስ ይዘራል፤ ታችኛው ማሽላና ፍየል ነው ሕይወቱ። ዝናቡ በአብዛኛው የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሳምንታት ዘግይቶ ከገባ ወይም ቀድሞ ከወጣ ደጋው ሲተርፍ ቆላው ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ "ዋግ ተራበ" ወይም "ዋግ ጠገበ" የሚል ርዕስ፣ በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ወር ካላለ፣ ምንም አልነገረንም።

ስንወርድ አንዷ ጓደኛችን ጋሼን "እናንተስ እዚህ አናት ላይ መቼ መቼ ትወጣላችሁ?" ብላ ጠየቀቻቸው። "ከብት ሲጠፋ ነው የምንወጣ። ሌላውን ጊዜ ከታች ሆነን ነው የምናየው። ሐምሌ ላይ ደመናው አናቱን ይዞ ከዋለ እሰየው ነው። ጠዋት ታይቶ ረፋድ ላይ ከሸሸን ግን ያን ዓመት እንፈራለን" አሏት። እንግዳ ወደ አናቱ ወጥቶ መንደሩን ያያል፤ የመንደሩ ሰው ከመንደሩ ሆኖ አናቱን ያያል። ዘገባ ሁለቱንም ዕይታ ይፈልጋል። አንድ ቀን ውሎ የሚመለስ ሰው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው።

ካሜራው ሲመጣ

የእኛ አገር ረሃብና ካሜራ የቆየ ታሪክ አላቸው። የሙያችን ታሪክ ስለሆነ ላስታውሳችሁ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ይዞት ነበር። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው በግቢያቸው ለዕይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ "ያልታወቀው ረሃብ" የተሰኘ ፊልሙን በብሪታንያ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ሰማ። በዓመቱ ግን ያው ፊልም ሌላ ሥራ ተሰጠው። ደርግ ከቤተመንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ ቆራርጦ ቀጠለውና መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያው ምስል፣ ያው የተራበ ሰው፣ ሌላ ዓላማ።

አሥር ዓመት አለፈ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሱት ዘገባ ተላለፈ። ኮረም የዋግ ጎረቤት ናት፤ ብዙ የዋግ ሰውም እግሩን እየጎተተ እዚያ ደርሶ ነበር። ዘገባው ብዙ ነፍስ የታደገ እርዳታ ቀሰቀሰ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለዓለም የተነገረው በአመዛኙ የዝናብ እጦት ነበር። የጦርነቱ እጅ፣ የመንግሥቱ ዝምታ፣ ሰዎቹ ከመራባቸው በፊት ምን እንደነበራቸው ብዙም አልተነገረም። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ስምና ያ ምስል ሳይለያዩ ቀሩ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባል የለ? የፎቶ መግለጫም ወረቀት ነው። አንዴ ከተጻፈ አርባ ዓመት ይቀመጣል።

ከዚያ ወዲህስ? በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ገባ፤ ስሙንም "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" አለው። ዓላማው መልካም ነው፤ ከተማዋ ግን አሁንም የምትጠራው ከምግብ እጦት ጋር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰቆጣ በጦርነቱ ውስጥ አለፈች፤ ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ወገኖችም ተጠለሉባት። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሳህላ ሰየምት ወረዳ ድርቅ ዜና ሆነ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ሊዘገቡም ይገባል። ግን ከድርቅ እስከ ድርቅ ባለው ጊዜ የዋግ ስም በየት ጠፋ?

በመሐሉ ያለው

በመሐሉ ያለው እኮ ብዙ ነው። የዛጉዌ ነገሥታት ከወረዱ በኋላ ዘሮቻቸው ዋግሹም በሚል ማዕረግ ዋግን እንደገዙ በትውፊት ይነገራል። ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጣሊያንን ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ወድቀው አንገታቸው ተቆርጧል። ሰቆጣ አጠገብ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተክርስቲያን አለ፤ የደረቁ ጥንታውያን አስከሬኖችም በውስጡ ይገኛሉ። ላሊበላን ያየ ቱሪስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢጨምር ይደርስበት ነበር።

የዛሬውም ኑሮ እንደዚሁ ነው። ኽምጣንጋ የሚባል የአገው ቋንቋ አለ፤ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሽማግሌዎች ይዳኙበታል። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ቄጤማ መሳይ ሣር ወገባቸው ላይ አስረው የሚጫወቱት የሻደይ በዓል አለ። የአበርገሌ ፍየል በዝርያዋ የታወቀች ናት። ማሩ አለ። የተከዜ ግድብ በ2001 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ከኋላው በተኛው ውኃ ዓሣ አስጋሪ የሆኑ የቆላ ወጣቶች አሉ። ሰቆጣ ውስጥ የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ዝናቡ ቢያጥርም የሚደርስ ዘር የሚፈልጉ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ዜና ሆኖ ሰምታችኋል? አንድ ጥሩ ዘገባ ከእያንዳንዳቸው ይወጣ ነበር።

"ታዲያ ረሃቡ አይነገር?"

ይህን ሐሳብ እዚያው ድንኳን ውስጥ ማታ ሳነሳ ካሜራ የያዘው ልጅ በደንብ ነው የተከራከረኝ። "አንቺ የምትይው ገጽታ ግንባታ ነው። ሰው እየተራበ ስለ ማርና ስለ በዓል እንጻፍ ነው? በ1965 የደበቁትም እኮ የአገር ገጽታ እንዳይበላሽ ብለው ነው" አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ጉዞ ይዤው የተመለስኩት ትልቁ ጥያቄም ይኸው ነው።

የኔ መልስ ይህ ነው። ረሃብ ይነገር፤ ቶሎ ይነገር፤ ጮክ ተብሎ ይነገር። ዝምታ ሰው እንደሚገድል ወሎ አይቶታል። ግን ቶሎ ሊናገር የሚችለው ማን ነው? ሰው ከተኛ በኋላ ካሜራ ይዞ የሚደርሰው ነው ወይስ ሐምሌ ላይ ደመናው ረፋድ ላይ መሸሹን ከጋሼ አፍ የሰማው? የፍየል ገበያው ሲወርድ፣ የእህሉ ሲወደድ፣ ጎረምሳው ለቀን ሥራ ሲሰደድ የሚያውቅ ዘጋቢ ረሃቡን ከወራት በፊት ያየዋል። እነዚህን ለማወቅ ደግሞ በደህናው ጊዜም መሄድ ያስፈልጋል። ስለ ማሩና ስለ ፍየሉ የጻፈ ሰው ነው ማሩና ፍየሉ ሲጠፋ የሚደነግጠው። በደህናው ቀን የማያውቀንን ሰው በክፉ ቀን "እንዴት ናችሁ" ቢለን ምን ብለን እንነግረዋለን?

ሌላም አለ። የተራበ ሰው ስም አለው፤ መንደር አለው፤ ትናንት የሠራው ሥራ አለው። በአንድ ቀን ውሎ የምናነሳው ፎቶ ግን ብዙውን ጊዜ "አንዲት እናት"፣ "አንድ አዛውንት" ነው የሚለው። ስሙን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረማ! ለማስፈቀድም ጊዜ አልነበረም። ጊዜ አጣሁ የሚለው ምክንያት ለኤዲተር ይሠራ ይሆናል፤ ለእናትየዋ ግን አይሠራም።

ምን ይደረግ?

ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ስለሆነ የበኩሌን ላቅርብ። እንደኔ እንደኔ ዲፓርትመንታችን ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የመስክ ጉዞ ሲዘጋጅ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቅር። ሩቅ አንድ ጊዜ ከመሄድ ቅርብ ሄዶ ሁለት ሌሊት ማደር ይሻላል። ድንኳን ርካሽ ነው፤ እኛ አምስታችንም ሞክረነዋል። ማታ እሳት ዳር የሚነገረው ቀን መቅረጸ ድምፅ ፊት አይነገርም።

ሁለተኛ፣ በቦርዳችንም ሆነ በዚህች ቡለቲን የሚወጣ ማንኛውም ፎቶ ቀኑ፣ ቦታውና ወሩ የመዝሪያ ነው የማጨጃ የሚለው ሳይጻፍበት አይውጣ። ሰው ካለበት ስሙና ፈቃዱ ይኑርበት።

ሦስተኛ፣ በመካከላችን ኽምጣንጋ፣ አዊኛ፣ አርጎብኛና ሌላም ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አሉ። "አማርኛህ ይሻሻል" ከማለት በፊት እስቲ በቋንቋቸው ቃለ መጠይቅ ያድርጉልን። የሚያስተረጉመን ሰውም ስሙ ከዘጋቢው ጎን ይጻፍ።

አራተኛ፣ የተጻፈው ወደ ባለቤቱ ይመለስ። አንድ ቅጂ ወደ መንደሩ ቢላክና ማንበብ የሚችል ልጅ ቢያነብላቸው፣ ስንት የተሳሳተ ነገር በነፃ ይታረምልን ነበር!

አምስተኛው ለተማሪው ነው። በእረፍት ጊዜ መንገዱ ሰላም ከሆነ ተራራ ውጡ። መሪ ከመንደሩ ያዙ፤ የድካሙን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉት፤ የጣላችሁትን ፌስታል ይዛችሁ ውረዱ። አናቱ ላይም ፎቶ ተነሱ፤ ማን ይከለክላችኋል? ለዘገባ ከሆነ ግን ከአናቱ ስትወርዱ ሥራው ገና እየተጀመረ እንደሆነ እወቁ።

ካሜራ የያዘው ጓደኛችን ያንን ፎቶ እስካሁን አልለጠፈውም። ቦርዱ ላይ የሚወጣው መግለጫ ምን መሆን አለበት በሚለው ላይ ዛሬም አልተስማማንም፤ እሱም የራሱን መልስ ለዚህችው ቡለቲን እንዲጽፍ ጋብዤዋለሁ። የመስክ ጉዞውን ነገር በተመለከተም መምህራኖቻችን የሚሉትን በሚቀጥለው እትም ብናነበው ደስ ይለኛል።

ቸር እንሰንብት!